የአደጋ ኪሳራን ከሀገር ሀገር ለማወዳደር፦ ደረጃ በደረጃ

ከ1998 እስከ 2017 ድረስ በተፈጥሮ አደጋ ብዙ ገንዘብ ያጣችው ሀገር የትኛዋ ናት? (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታትና ወሮች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተባበሩት መንግሥታት የአደጋ ስጋት ቅነሳ ጽሕፈት ቤት እና ክሬድ የተባለው የቤልጂየም የምርምር ማዕከል አብረው ባወጡት ዘገባ መሠረት አሜሪካ ናት። ያጣችው ወደ 945 ቢሊዮን ዶላር ነው። ቻይና በ492 ቢሊዮን ትከተላለች። ጃፓን በ376 ቢሊዮን ሦስተኛ ናት።

እዚያው ዘገባ ውስጥ ሌላ ዝርዝር አለ። ይኼኛው ኪሳራውን ከየሀገሩ ጠቅላላ ምርት (ሀገሪቱ በዓመት ከምታመርተው ዕቃና አገልግሎት ዋጋ) ጋር ያነጻጽራል። አንደኛዋ ሄይቲ ናት፤ በዓመት በአማካይ 17.5 በመቶ። ፖርቶ ሪኮ በ12.2 በመቶ ትከተላለች። ከዚያ ሰሜን ኮሪያ፣ ሆንዱራስና ኩባ ይመጣሉ። አሜሪካ፣ ቻይናና ጃፓን ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ እንኳ የሉም።

ሁለቱም ዝርዝሮች የወጡት ከአንድ የመረጃ ቋት ነው። የመለሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው የሚያሳየው ብዙ ሀብት ያለው ማን እንደሆነ ጭምር ነው። ውድ ሕንፃ በሌለበት ውድ ኪሳራ አይመዘገብም። ስለዚህ በዶላር ብቻ ካወዳደርን በጣም የተጎዱት ሀገሮች ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀራሉ። ይህ መመሪያ ያንን ስህተት ሳትሠሩ ማወዳደር እንድትችሉ ነው። ለተማሪ፣ ለጋዜጠኛ፣ በእርዳታና በዕቅድ ሥራ ላይ ላለ ሰው ይጠቅማል። የሚያስፈልጋችሁ ኢንተርኔት፣ ኤክሴል ወይም መሰል ፕሮግራም፣ እና ትዕግሥት ነው።

1. ጥያቄውን በአንድ መስመር ጻፉት

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጻፉ። ማወቅ የምትፈልጉት ምኑን ነው? በጥሬ ገንዘብ ብዙ ያጣውን ሀገር? ከአቅሙ በላይ የተመታውን? በነፍስ ወከፍ የደረሰውን ጉዳት? ወይስ ኪሳራው ከዓመት ዓመት እየጨመረ መሆን አለመሆኑን? ኢንሹራንስ ኩባንያ የመጀመሪያውን ይፈልጋል፤ የሚከፍለው በገንዘብ ነውና። የገንዘብ ሚኒስቴር ሁለተኛውን ይፈልጋል። እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ስሌት አለው። አንዱን አስልቶ ሌላውን መልሻለሁ ማለት አይቻልም።

ከዚያ ድንበር አብጁ። የትኞቹ አደጋዎች ይገባሉ? ድርቅ አለበት? የፋብሪካ ፍንዳታና የመርከብ መስጠም ይቆጠራሉ? ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው? "ሀገር" ስትሉስ ምን ማለታችሁ ነው? ፖርቶ ሪኮ የአሜሪካ ግዛት ናት፤ ከላይ ባየነው ዘገባ ግን ለብቻዋ ተቆጥራለች። ሶቪየት ኅብረትና ዩጎዝላቪያ ዛሬ የሉም። ደቡብ ሱዳን በ2011 ተለይታለች። ረጅም ዘመን የምታወዳድሩ ከሆነ ለእነዚህ ሁሉ አስቀድማችሁ ውሳኔ ስጡ፤ ውሳኔያችሁንም ጽፋችሁ አስቀምጡ።

2. ምን ዓይነት ኪሳራ እንደተቆጠረ ለዩ

ብዙ ማወዳደሪያ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንድ አደጋ ሲደርስ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ይወጣሉ። ዜና ላይ ሦስቱም "ኪሳራ" ተብለው ይነበባሉ።

አንደኛው ውድመት ነው። የፈረሰ ቤት፣ የተበላሸ መንገድ፣ የሞተ ከብት፣ የተቃጠለ መጋዘን። ቀድሞ የነበረ ሀብት ጠፋ ማለት ነው። ሁለተኛው የቀረ ገቢ ነው። ፋብሪካው በመዘጋቱ ያልተመረተው ዕቃ፣ ያልተሰበሰበው ሰብል፣ ያልመጣው ቱሪስት። ይህ አደጋው ካለፈ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀጥላል። ሦስተኛው መልሶ ለመገንባት የሚያስፈልገው ወጪ ነው። ይህ ከውድመቱ ሊበልጥ ይችላል፤ አዲሱ ቤት ከአሮጌው ጠንክሮ መሠራት አለበትና።

የፓኪስታንን የ2022 ጎርፍ እንውሰድ። መንግሥት ከዓለም አቀፍ አጋሮቹ ጋር ባደረገው ግምገማ ውድመቱ 14.9 ቢሊዮን ዶላር፣ የቀረው ገቢ 15.2 ቢሊዮን፣ የመልሶ ግንባታው ወጪ ደግሞ 16.3 ቢሊዮን ሆኖ ወጣ። አንዱ ጋዜጣ "15 ቢሊዮን" ሲል ሌላው "30 ቢሊዮን" ቢል ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ ውድመቱን ብቻ ወስዷል፤ ሌላው የቀረውን ገቢ ደምሯል። መደመር የሚቻለው እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የመልሶ ግንባታውን ወጪ በላዩ ላይ መጨመር አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ይህን ስህተት በትልልቅ ሰነዶችም ላይ ታገኙታላችሁ፤ ተጠንቀቁ።

የአደጋው ዓይነትም ወሳኝ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ በአብዛኛው የሚያጠፋው የቆመ ሀብትን ነው። በኔፓል በ2015 ከደረሰው 706 ቢሊዮን የኔፓል ሩፒ ጉዳት ውስጥ 517 ቢሊዮኑ ውድመት ነበር። ድርቅ ግን ግድግዳ አያፈርስም። ኬንያን ከ2008 እስከ 2011 የመታው ድርቅ 12.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ጉዳት እንዳስከተለ ተገምቷል። ከዚህ ውስጥ 11.3 ቢሊዮኑ የቀረ ገቢ ነው። እንግዲህ አስቡት። ውድመትን ብቻ የሚቆጥር ሰንጠረዥ ብትጠቀሙ ከኬንያ ኪሳራ ከአሥር ዘጠኝ እጅ የሚበልጠው ከፊታችሁ ይሰወራል። ድርቅ የሚደጋገምባቸው ሀገሮች በእንዲህ ዓይነት ሰንጠረዥ ሁልጊዜ ቀላል ጉዳት የደረሰባቸው ይመስላሉ።

ጎርፍ መሐል ላይ ነው። በ2011 የታይላንድ ጎርፍ የኢንዱስትሪ ቀጠናዎችን ለሳምንታት ውሃ ውስጥ አስቀመጠ። ዓለም ባንክ ውድመቱን 630 ቢሊዮን ባት፣ የቀረውን ገቢ ደግሞ 795 ቢሊዮን ባት አድርጎ ገምቶታል። የቀረው ገቢ ከውድመቱ በለጠ። እዚያ ይመረት የነበረው የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ በመላው ዓለም የተወደደው በዚያን ጊዜ ነው። ያ ውድነት ሌሎች ሀገሮች ላይ ያስከተለው ጉዳት ግን በታይላንድ ሂሳብ ውስጥ የለም።

ገማቹና ጊዜውም ይለያያሉ። በየካቲት 2023 የቱርክ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ በሦስት ሳምንት ውስጥ ዓለም ባንክ ፈጣን ግምት አወጣ፤ 34.2 ቢሊዮን ዶላር ቀጥተኛ የንብረት ውድመት። ብዙም ሳይቆይ የቱርክ መንግሥት ያወጣው ግምገማ አጠቃላይ ጫናውን 103.6 ቢሊዮን ዶላር አደረሰው። ሦስት እጥፍ ነው። ሁለተኛው የሸፈነው ከቀጥተኛ ውድመት እጅግ ሰፊ የሆነ ወጪን ነው። ለአንዷ ሀገር የመጀመሪያውን ዓይነት፣ ለሌላዋ ሁለተኛውን ዓይነት ቁጥር ይዛችሁ ካወዳደራችሁ ውጤቱ ዋጋ የለውም።

እና በተግባር ምን ታደርጋላችሁ? ለእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አራት ተጨማሪ ዓምዶች ክፈቱ። ውድመት ነው ወይስ የቀረ ገቢ ወይስ ድምር? ማን ገመተው? ግምቱ መቼ ወጣ? ምን አልተካተተም? የመጨረሻውን አትዝለሉት። የጃፓን መንግሥት የ2011ን የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ውድመት 16.9 ትሪሊዮን የን ብሎ ሲገምት የኑክሌር ጣቢያው አደጋ ያስከተለው ጉዳት በውስጡ አልነበረም። ይህን የማያውቅ ሰው ቁጥሩን የሙሉው አደጋ ኪሳራ አድርጎ ይወስደዋል።

3. መረጃውን ከየት ታመጣላችሁ?

ለሀገሮች ንጽጽር ብዙ ሰው የሚጀምረው ኤም-ዳት ከተባለው ዓለም አቀፍ የአደጋ መረጃ ቋት ነው። በቤልጂየም ሉቫን ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ክሬድ ከ1988 ጀምሮ ያዘጋጀዋል። ለንግድ ላልሆነ ሥራ በነፃ ተመዝግባችሁ ማውረድ ትችላላችሁ። አንድ አደጋ እዚህ ቋት ውስጥ የሚገባው ቢያንስ 10 ሰው ከሞተበት ወይም 100 ሰው ከተጎዳበት፣ አለዚያም የአስቸኳይ ጊዜ ከታወጀበት ወይም ዓለም አቀፍ እርዳታ ከተጠየቀበት ነው። ፋይሉን ስትከፍቱ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ኪሳራው የተጻፈው በሺህ ዶላር ነው። 8,000,000 የሚለው ቁጥር 8 ሚሊዮን ዶላር ሳይሆን 8 ቢሊዮን ነው። ሁለተኛ፣ አንድ አውሎ ነፋስ አምስት ሀገር ቢመታ አምስት ረድፍ ይይዛል። ስለዚህ የረድፎች ብዛት የአደጋዎች ብዛት አይደለም።

ኤም-ዳት ትንንሽ አደጋዎችን አይዝም። በየዓመቱ አንድ ወረዳ ላይ የሚወርድ በረዶ፣ ጥቂት ቤቶችን የሚወስድ ናዳ እዚያ ውስጥ አይገባም። እነዚህ ተደማምረው ግን ብዙ ይሆናሉ፤ የሚጎዱትም በብዛት ድሆችን ነው። ለእነሱ ዴስኢንቬንታር የተባለው ሥርዓት አለ። በላቲን አሜሪካ በ1990ዎቹ ተጀምሮ ዛሬ በተባበሩት መንግሥታት የአደጋ ስጋት ቅነሳ ጽሕፈት ቤት በኩል በብዙ ሀገሮች ይሠራበታል። የመረጃው ጥራት ከሀገር ሀገር በጣም ስለሚለያይ፣ እኔ ብሆን አንድን ሀገር በጥልቀት ለማየት እንጂ ሀገሮችን ደረጃ ለማስያዝ አልጠቀምበትም።

ሙኒክ ሪ እና ስዊስ ሪ የተባሉት የጠለፋ ዋስትና ኩባንያዎችም (ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ራሳቸው ዋስትና የሚሰጡ ናቸው) የየዓመቱን ኪሳራ ያወጣሉ። ኢንሹራንስ በተስፋፋበት ሀገር ላይ መረጃቸው ጠንካራ ነው። ለነጠላ ትላልቅ አደጋዎች ደግሞ መንግሥታት ከተባበሩት መንግሥታት፣ ከአውሮፓ ኅብረትና ከዓለም ባንክ ጋር የሚያደርጓቸው የድኅረ አደጋ ግምገማዎች አሉ። ውድመትንና የቀረ ገቢን ለይቶ የሚያስቀምጠው ይህ ዓይነቱ ሰነድ ነው። የፓኪስታኑም የኔፓሉም የኬንያውም ቁጥር የመጣው ከእነዚህ ነው።

ደንቡ አንድ ነው። ለአንድ ሰንጠረዥ አንድ ምንጭ። ግማሹን ከኤም-ዳት፣ ግማሹን ከኢንሹራንስ ኩባንያ አምጥቶ ማደባለቅ አይሆንም። የጎደለውን ከሌላ ምንጭ መሙላት ግድ ከሆነ ያንን ረድፍ በቀለም ለዩት።

4. ባዶ ሴል ዜሮ አይደለም

ይህን ደረጃ በጣም ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት። ከላይ የጠቀስኩት የ1998–2017 ዘገባ እንደሚለው፣ ከአየር ንብረት ጋር በተያያዙ አደጋዎች ላይ ሀብታም ሀገሮች ኪሳራቸውን ያሳወቁት ለ53 በመቶው ነው። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሀገሮች ግን ለ13 በመቶው ብቻ። ድሃ ሀገር ላይ ከደረሱት አሥር አደጋዎች ውስጥ ወደ ዘጠኝ የሚጠጉት ምን ያህል እንዳከሰሩ በቋቱ ውስጥ አልተጻፈም ማለት ነው። ሰዉ ሞቷል፤ ማሳው ጠፍቷል፤ የዶላር ዓምዱ ግን ባዶ ነው።

ኤክሴል ዓምዱን ሲደምር ባዶውን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ድምሩ ሲወጣ ያቺ ሀገር ብዙ ያልከሰረች ትመስላለች። ስለዚህ ከመደመራችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ሀገር ሁለት ነገር ቁጠሩ። ስንት አደጋ ተመዝግቧል? ከእነዚህ ውስጥ ኪሳራ የተጻፈለት ስንቱ ነው? ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉና በመቶኛ አስቀምጡት። ይህ የሽፋን መጠን ከድምሩ ጎን ሁልጊዜ ይታይ። ሽፋኑ 15 በመቶ የሆነችን ሀገር ሽፋኗ 80 በመቶ ከሆነች ሀገር ጋር በድምር ማወዳደር ትክክል አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ኪሳራቸው በደንብ የተጠና ነጠላ አደጋዎችን አንድ ለአንድ ማወዳደር ይሻላል።

ባዶውን በአማካይ ለመሙላት አትቸኩሉ። ኪሳራ የተጻፈላቸው አብዛኛውን ጊዜ ትልልቆቹ አደጋዎች ናቸው። የእነሱን አማካይ ለትንንሾቹ ብትሰጡ ቁጥሩን ታሳብጡታላችሁ። የሙቀት ማዕበልም የባሰ ጣጣ አለው። በ2003 አውሮፓን የመታው ሙቀት ከ70 ሺህ በላይ ሰው እንደገደለ ይገመታል። የፈረሰ ነገር ስለሌለ ግን የዚህ ዓይነቱ አደጋ የገንዘብ ኪሳራ ብዙ ጊዜ አይመዘገብም።

5. ገንዘቡን ወደ አንድ ምንዛሪና ወደ አንድ ዓመት አምጡት

የ2005 ዶላርና የ2023 ዶላር እኩል አይገዙም። ስሌቱ ቀላል ነው። ኪሳራውን በምትፈልጉት ዓመት የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ (ዋጋ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደተለወጠ በሚያሳየው ቁጥር) አባዙ፤ ከዚያ አደጋው በደረሰበት ዓመት ኢንዴክስ አካፍሉ። ሀሪኬን ካትሪና በ2005 ወደ 125 ቢሊዮን ዶላር አከሰረች። የአሜሪካ ኢንዴክስ በ2005 አማካዩ 195.3፣ በ2023 ደግሞ 304.7 ነው። 125 በ304.7 ተባዝቶ ለ195.3 ሲካፈል ወደ 195 ቢሊዮን ይሆናል።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። የሌላ ሀገር ገንዘብ ከሆነ መጀመሪያ አደጋው በደረሰበት ዓመት የምንዛሪ ተመን ወደ ዶላር ቀይሩ። ከዚያ በአሜሪካ ኢንዴክስ አስተካክሉ። የቆየን ኪሳራ በዛሬ ምንዛሪ መቀየር፣ በተለይ ገንዘቧ ብዙ ለወደቀ ሀገር፣ ኪሳራውን ከንቱ ያደርገዋል። ኤም-ዳት ላይ የዋጋ ንረት የተስተካከለበት ዓምድ ለብቻው አለ። እሱን ከወሰዳችሁ እንደገና አታስተካክሉ።

አንድ ጥሩ ዘዴ ልጠቁማችሁ። የምትፈልጉት ኪሳራው የምርቱ ስንት እጅ እንደሆነ ከሆነ፣ ምንዛሪውን ጨርሶ መተው ትችላላችሁ። ኪሳራውንም ጠቅላላ ምርቱንም በዚያው ሀገር ገንዘብ ያዙና አካፍሉ። የጃፓን 16.9 ትሪሊዮን የን በወቅቱ 500 ትሪሊዮን የን ገደማ ከነበረው ዓመታዊ ምርት ጋር ሲነጻጸር 3.4 በመቶ ያህል ነው። ዶላር አልገባበትም፤ የምንዛሪ ክርክርም የለም። ኦፊሴላዊው ተመንና የጥቁር ገበያው በሚራራቁበት ሀገር ይህ ዘዴ ትልቅ እፎይታ ነው።

6. ለየትኛው ቁጥር ታካፍሉታላችሁ?

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። በ2010 በስድስት ሳምንት ልዩነት ሁለት የመሬት መንቀጥቀጦች ደረሱ። ሄይቲ ጥር 12 ቀን፣ መጠኑ 7.0። ቺሊ የካቲት 27 ቀን፣ መጠኑ 8.8። ወሮቹ የአውሮፓውያን ናቸው። ዓመቱ አንድ ስለሆነ የዋጋ ንረት ማስተካከል አያስፈልግም። ለልምምድ ከዚህ የተሻለ ጥንድ አላውቅም።

የሄይቲ ውድመትና የቀረ ገቢ ድምር 7.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተገመተ። የቺሊ ወደ 30 ቢሊዮን፤ እሱም ውድመትንና የቀረ ምርትን አጠቃሎ። በዶላር ቺሊ አራት እጥፍ ገደማ ከሰረች። አሁን ለቀደመው ዓመት ጠቅላላ ምርት አካፍሉ። ቺሊ በ2009 ወደ 172 ቢሊዮን ዶላር ታመርት ነበር፤ ውጤቱ 17 በመቶ ይሆናል። ሄይቲ ግን በግምገማው ጊዜ በነበረው አኃዝ 120 በመቶ። ደረጃው ተገለበጠ። ቺሊ ውስጥ የሞቱት 500 ገደማ ናቸው፤ ሄይቲ ውስጥ በመንግሥት አኃዝ ከ200 ሺህ በላይ። የሞቱን ቁጥር ከገንዘቡ ሰንጠረዥ ጎን ሁልጊዜ አስቀምጡት። ከገንዘቡ ጋር ግን አትደምሩት።

የቀደመውን ዓመት ምርት የምንወስደው አደጋው የደረሰበት ዓመት ምርት ራሱ በአደጋው ስለሚቀንስ ነው። አካፋዩ ከተጎዳ መቶኛው ያብጣል።

120 በመቶ ሲባል ሀገሪቱ የዓመት ገቢዋን በሙሉ አጣች ማለት አይደለም። ጠቅላላ ምርት በዓመት ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ውድመት ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት የተጠራቀመ ሀብት መጥፋት ነው። በዓመት 100 ሺህ የሚያገኝ ሰው 120 ሺህ ያወጣበት ቤት ቢቃጠልበት ደመወዙ አልተቋረጠም፤ ቤቱን መልሶ ለመሥራት ግን ከአንድ ዓመት ደመወዙ በላይ ይፈልጋል። መቶኛው የሚለካው ይህን ነው። ስለዚህ "የሀገሪቱ ኢኮኖሚ በ120 በመቶ ቀነሰ" ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ነፍስ ወከፍ ማካፈልም የራሱ ቦታ አለው፤ ብቻውን ግን ያሳስታል። የፓሲፊክ ደሴት ሀገር የሆነችውን ቫኑዋቱን በመጋቢት 2015 ፓም የተባለው አውሎ ነፋስ መታት። ጉዳቱ 449 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የሕዝቧ ቁጥር ወደ 265 ሺህ ስለነበር በነፍስ ወከፍ 1,700 ዶላር ይደርሳል። የቺሊው 30 ቢሊዮን ለ17 ሚሊዮን ሰው ሲካፈል 1,760 ነው። እኩል ሊባሉ ምንም አልቀራቸው። ነገር ግን የቺሊ ዓመታዊ ምርት በነፍስ ወከፍ 10 ሺህ ዶላር አካባቢ ሲሆን የቫኑዋቱ 2,600 ገደማ ነው። ለዚህ ነው የቫኑዋቱ ኪሳራ ከጠቅላላ ምርቷ 64 በመቶ የሆነው። ሁለቱን መለኪያዎች አብራችሁ ስታስቀምጡ ምስሉ ይጠራል።

ትልልቅ ሀገሮች ላይ ተቃራኒው ችግር አለ። አካፋዩ ግዙፍ ስለሆነ ጉዳቱን ይውጠዋል። ሀሪኬን ማሪያ በ2017 ፖርቶ ሪኮንና አካባቢዋን ወደ 90 ቢሊዮን ዶላር አከሰረች። ለመላው አሜሪካ ምርት ብታካፍሉት ከግማሽ በመቶ ያንሳል። የፖርቶ ሪኮ ዓመታዊ ምርት ግን ከ100 ቢሊዮን ብዙ አይበልጥም። እዚያ ለሚኖረው ሰው የቱ ቁጥር እውነቱን እንደሚናገር ግልጽ ነው። የክልል ወይም የግዛት ምርት ካገኛችሁ ትልቋን ሀገር ለሁለት ከፍላችሁ አሳዩ። ትንሿ የካሪቢያን ደሴት ሀገር ዶሚኒካ በዚያው አውሎ ነፋስ ያጣችው 1.3 ቢሊዮን ዶላር ብቻ ነው፤ ከዓመት ምርቷ ግን 226 በመቶ። ደሴቲቱን በሙሉ የሚሸፍን ነፋስ ሲመጣ ያልተመታ ክፍል አይቀርም፤ ለተመታው የሚደርስለትም የለም።

ጠቅላላ ምርትም ራሱ እንደማይለወጥ ቁጥር አይወሰድ። ናይጄሪያ በ2014 አሠራሯን አሻሽላ ስታሰላ ምርቷ በወረቀት ላይ በ89 በመቶ አደገ። እንዲህ ሲሆን የቆየ የኪሳራ መቶኛ በአንድ ሌሊት በግማሽ ገደማ ይወርዳል። የየትኛውን ጊዜ አኃዝ እንደተጠቀማችሁ ጻፉ።

7. አንድ ግዙፍ አደጋ አማካዩን እንዳይቆጣጠረው

አምስት ዓመት አጭር ነው። በዚያ ውስጥ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ላይኖር ይችላል። ሃያ ዓመት ይሻላል። ሃያ ዓመት ወስዳችሁም አንድ አደጋ ብቻውን ግማሹን ድምር ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ሂሳቡን ሁለት ጊዜ ሥሩ፤ አንዴ ሁሉንም ይዛችሁ፣ አንዴ ትልቁን አውጥታችሁ። ደረጃው ከተገለባበጠ ለአንባቢ ንገሩት። አማካይ ስትሉም ሁሉንም ዓመታት ነው ያካፈላችሁት ወይስ አደጋ የደረሰባቸውን ብቻ? ልዩነቱ ከፍተኛ ነው።

ከ2000 በፊት ወዳለው ዘመን ስትሄዱ የመዝገቡ አያያዝ እየላላ ይሄዳል። የድሮ አደጋዎች ያነሱ የሚመስሉት ባለመመዝገባቸውም ጭምር ነው። "ኪሳራ በ50 ዓመት ውስጥ ይህን ያህል እጥፍ ጨመረ" የሚል ዓረፍተ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ይህን አስቡ። የባሕር ዳርቻዎች በሕንፃ መሞላታቸውንም አትርሱ። በ1926 ማያሚን የመታው ሀሪኬን በጊዜው ዋጋ ያጠፋው ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ተመሳሳይ ነፋስ በዛሬዋ ማያሚ ላይ ቢያልፍ ኪሳራው ከ100 ቢሊዮን በላይ እንደሚሆን ተመራማሪዎች አስልተዋል። ይህ ሁሉ ጭማሪ ከነፋሱ የመጣ አይደለም፤ ከዋጋ ንረቱ ሌላ በመንገዱ ላይ ብዙ ሀብትና ብዙ ሰው ስለሰፈረ ነው።

8. ኪሳራውን ማን ተሸከመው?

እዚህ አንድ ዓምድ ብቻ ጨምሩ፤ በኢንሹራንስ የተሸፈነው ስንት እጅ ነው? ከቺሊ 30 ቢሊዮን ውስጥ ወደ 8 ቢሊዮን የሚጠጋው የተሸፈነ ነበር። ሄይቲ ውስጥ ከሞላ ጎደል ምንም። ሽፋን ያለው ቤተሰብ ካሣ ይቀበላል። የሌለው ያለችውን ከብት ይሸጣል፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። ዓለም ባንክ በ2016 ባወጣው ጥናት ይህን የኑሮ ጫና አብሮ ሲያሰላ የአደጋዎች ጉዳት በዓመት 520 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሆኖ አገኘው፤ የንብረቱን ኪሳራ ብቻ ከሚያሳየው በ60 በመቶ ይበልጣል። በእናንተ ሰንጠረዥ ይህን ማስላት ከባድ ነው። የኢንሹራንሱን ዓምድ ማስገባት ግን ቀላል ነው፤ ብዙም ይናገራል።

9. ውጤቱን ስትጽፉ

እያንዳንዱ የንጽጽር ዓረፍተ ነገር አምስት ነገር ይያዝ፦ የኪሳራው ዓይነት፣ ገማቹ፣ የገንዘቡ ዓመት፣ አካፋዩ፣ እና በደረጃ 4 ያየነው የመረጃ ሽፋን መጠን። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ ይርዘም። ለምሳሌ እንዲህ፦

"በ2010 የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው ውድመትና የቀረ ገቢ፣ በጊዜው የዶላር ዋጋ፣ በሄይቲ በድኅረ አደጋ ግምገማው 7.8 ቢሊዮን፣ በቺሊ በመንግሥት ግምት 30 ቢሊዮን ገደማ ነው። ከ2009 ጠቅላላ ምርት አንጻር የሄይቲ 120 በመቶ፣ የቺሊ 17 በመቶ ያህል ይሆናል። ለሁለቱም አደጋዎች አጠቃላይ ግምት ስላለ ባዶ ረድፍ የለም፤ ገማቾቹ ግን የተለያዩ ናቸው።"

ነጥቦችን አታብዙ። 17.44 በመቶ ብሎ መጻፍ ግምቱ የሌለውን ትክክለኛነት ያላብሰዋል፤ 17 በቂ ነው። ሀገሮችን በደረጃ ስትዘረዝሩም 7.0 እና 7.4 በመቶ ባላቸው መካከል ትልቅ ልዩነት እንዳለ አትናገሩ። እንዲህ የተቀራረቡትን በአንድ ቡድን አስቀምጧቸው።

ሰንጠረዡን ከጽሑፉ ጋር አያይዙ። መረጃውን ያወረዳችሁበትን ቀን ከላይ ጻፉበት፤ ቋቶቹ የቆዩ አደጋዎችን ቁጥር ሳይቀር ያሻሽላሉ። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሰው ሂሳቡን ደግሞ ሲሠራ የተለየ ድምር ቢያገኝ ምክንያቱን የሚያውቀው በዚያች ቀን ነው።